ከቁልቢ መልስ ወይስ ከቁልቢ በፊት?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት፣ ዘንድሮ ታኅሣሥ 19 ልናደርሳት ነው። በወንድሜ መኪና አምስት ሆነን እንሄዳለን። እኔ እግረ መንገዳችንን ሐረርን፣ ያን በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ ማየት ፈልጌያለሁ። ወንድሜ «ከንግሡ መልስ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ግንብ ምኑ ይታያል» ይላል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ደግሞም «እስላም አገር ገብቼ ምን ልሠራ፣ በጾም ምን ልበላ» ትላለች። ምን ይሉናል?

መልስ፦ እንዴት ሰነበትሽ እታለም። ወንድምሽ አይቀየመኝና ተሳስቷል። እንዴት አወቅህ ብትዪኝ እኔም በሱ መንገድ ሄጄ ተሳስቻለሁ።

የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ልክ እንደሱ አስቤ ነው። ቁልቢ ሌሊቱን ቆመን አደርን፣ ታቦቱ ወጣ፣ ገባ፣ ከዚያ አገር ምድሩ አንድ ላይ ተነሣ። መኪናው በመኪና ላይ ነው፣ ሰው ይጮሃል፣ ጥሩንባ ይጮሃል፣ ያቺን ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር የማትበልጥ መንገድ እየተጎተትን ሐረር ስንደርስ መሽቷል። አልጋ የለም። ሐረርም ድሬዳዋም ሞልቷል። መኪና ውስጥ አደርን፣ ጠዋት ዓይናችንን እያሸን ሸዋ በርን አየን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተመለስን። ይኼ ሳያንስ ባቋርጥ ይሻላል ብዬ መኪናዬን ጠባቡ መንገድ ውስጥ አስገብቼ በግራ በኩል መስታወቴን ግድግዳ ላይ ጥዬው መጣሁ። አንድ ልጅ አንሥቶ ሰጠኝ፣ ሳቁን ግን መደበቅ አልቻለም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ገልብጡት። ቁልቢ ከሐረር በፊት መንገድ ላይ ነው ያለው፣ እናንተ ግን አልፋችሁ መጀመሪያ ሐረር ግቡ፣ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ከዚያ በ18 ወደ ቁልቢ ተመለሱ። ስለቱም ሳትደክሙ ይደርሳል። እማማ «ገብርኤልን እንዴት አልፌ» ማለታቸው አይቀርም። ከመኪና ወርደው ይሳለሙ፣ «መጣሁልህ፣ ተመልሼ እመጣለሁ» ይበሉት፣ ያውቃል።

ከፍኖተ ሰላም ሐረር ከ900 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ በአንድ ቀን እንዳታስቡት። በ15 ተነሡ። ደጀን ላይ ፍሬን አስፈትሹ፣ ከዚያ የአባይን በረሃ በትንሽ ማርሽ ውረዱ፣ ወንድምሽ የጎጃም ሾፌር ስለሆነ ይኼን ለሱ መንገር ድፍረት ነው። አዲስ አበባ እደሩ። በማግስቱ በጠዋት እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ፣ ከዚያ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ቀጥሎ የጨርጨርን ተራራ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና እያላችሁ ትወጣላችሁ። ቁልቢ ከመድረሳችሁ በፊት ጨለንቆን ታገኛላችሁ፣ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም የሐረርን አሚር ጦር ያሸነፉበት ቦታ ነው፣ እሱን ሳታውቁ ብታልፉ በኋላ ሐረር ውስጥ የሚነገራችሁ ግማሹ አይገባችሁም። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ተዉት። ሐሮማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር። ከመነሣታችሁ በፊት ግን በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ፣ ከዘመድ ስልክ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ግንቡ። ግንቡን ጀጎል ይሉታል፣ ውስጡንም ከተማውንም ጀጎል ነው የሚሉት። ያሠራው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ነው፣ ከየአቅጣጫው ጥቃት በበዛበት ዘመን። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከፍታው 4 ሜትር ገደማ ነው፣ ድንጋይና ጭቃ። ዞሮ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት አይፈጅም፣ እዚህ ላይ ወንድምሽ እውነት አለው። ጥንት አምስት በር ብቻ ነበረው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው፣ ሐረር በር የሚሉት ሰፊው፣ በኋላ ለመኪና የተከፈተ ነው። አደሬዎቹ በራቸውን «በሪ» ነው የሚሉት፣ ቤቱን ደግሞ «ጋር»። ከተማቸውን ጌይ ይላሉ። አንድ ሁለት ሰዓት ጆሮ ሰጥተሽ ብትሰሚያቸው ከኛ ቋንቋ ጋር እህትማማች መሆኑ ይገባሻል፣ የተረዳሽ የተረዳሽ ይመስልሽና መጨረሻ ላይ ያመልጥሻል።

ግን የምታዪው ግንቡን አይደለም። ጎንደር ብትሄጂ ነገሥታቱ የሉም፣ ግንቡ ባዶ ነው፣ ትኬት ቆርጠሽ ትገቢያለሽ። ጀጎል ውስጥ ሰው ይኖራል። ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሴትዮዋ ቲማቲም ትገዛለች። 82 መስጊድ አለ፣ ከነሱ ሦስቱ የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው፣ 102 አድባር ወይም የወሊይ (የቅዱስ ሰው) መቃብርም አለ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይኼን ሁሉ አንድ ላይ ነው።

መኪናውን ውጭ አቁሙት (መስታወቱን አስቡ)። እማማን በባጃጅ በሐረር በር አስገብታችሁ ፈረስ መገላ አውርዷቸው። ፈረስ መገላ አደባባዩ ነው፣ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ግንቡ ውስጥ አለ፣ ስለዚህ «እስላም አገር» የሚለው ፍርሃታቸው ከባጃጅ ሳይወርዱ ያልቃል። ይሳለሙ፣ ይቀመጡ፣ ጉልበታቸው ይረፍ።

እናንተ ከፈረስ መገላ ቁልቁል ወደ ጊድር መገላ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። መኪና ግርግር ነው ስሙ። መኪና ስላለበት እንዳይመስልሽ፣ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ በረንዳ ላይ ተደርድረው በእግራቸው ሲንጀሩን ይረግጡታል፣ ድምፁ ግር ግር ግር ይላል፣ ስሙም ከዚያ ነው። ሁለተኛ ስሄድ ባለቤቴ አብራኝ ነበረች፣ የነጠላዋ ጥለት ከባጃጅ በር ይዟት ተቀዶባት እየተነጫነጨች ነው። አንድ ሽማግሌ ጠሯት። ነጠላውን ከትከሻዋ ሳያወርዱ ጫፉን ብቻ ከመርፌው ሥር ጎትተው፣ እሷ ጎንበስ ብላ ቆማ፣ ሦስት ጊዜ ረገጡና በጥርሳቸው ክሩን በጠሱት። ስንት ነው ስትላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ነበር፣ የሰፉበት ክር ሰማያዊ ነው፣ እስከ ዛሬ አልፈታችውም።

ቀጥሎ ቤት ማየት አለባችሁ። አንዳንዶቹ አሮጌ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ፣ አልጋ ካገኛችሁ ሆቴል ትታችሁ እዚያ እደሩ። ጫማ ታወልቂያለሽ። ስትገቢ ፊት ለፊትሽ መደብ አለ፣ ልክ የኛ አገር መደብ፣ ግን እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ አምስት ነው፣ ነደባ ይሉታል፣ ሁሉም ቀይ አፈር ተቀብቷል፣ ምንጣፍና ትራስ ተደርጎበታል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፣ የቤቱ ባለቤት ቦታ፣ የሽማግሌ ቦታ፣ የልጆች ቦታ። ዝም ብለሽ ደስ ባለሽ ቦታ ዘፍ እንዳትዪ፣ እስኪያሳዩሽ ጠብቂ። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ድረስ በስፌት ተሞልቷል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሰቅሎ ካየሽ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፣ ሲነግሩኝ ባለቤቴ «እኛ ዘንድ ግን ደላላ ነው የሚሰቀለው» ብላ አስቃናለች።

ምግቡን በተመለከተ እማማ ልክ ናቸው፣ ታኅሣሥ ጾመ ነቢያት ነው። ሐረር የታወቀችበት ፈጢራ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ስለሆነ እሱ ይለፋቸው። የምስር ሳምቡሳ ሞልቷል፣ ለውዝ ሞልቷል፣ ሽሮ ደግሞ ከሸዋ በር ውጭ በአዲሱ ከተማ በኩል ትበላላችሁ። ቡናውን አልነግርሽም፣ ሄደሽ ቅመሺው። የቡና ቅጠል ተፈልቶ የሚጠጣውን ቁጢንም ጠይቁ፣ ለጉልበት ሕመም ባይሆንም ለድካም እኔን ረድቶኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ሥጋ ቤቶቹ አካባቢ የግመል ሥጋ ተሰቅሎ ታያላችሁ፣ እማማ እንዳይደነግጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ጭልፊቱም አጠገባችሁ እየተወረወረ ከሰው እጅ ይነጥቃል።

አስጎብኚ ያዙ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ቀን። ግን ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ የት የት እንደሚወስዳችሁም ጭምር። እኔን አንዱ በሰዓት መስሎኝ በሰው ቁጥር አስከፍሎኛል። በሁለተኛው ቀን ያለ ማንም ግቡና ጥፉ። መጥፋት አትችሉም፣ የትም ብትሄዱ መጨረሻው ግንቡ ነው፣ ግንቡን ተከትላችሁ በር ታገኛላችሁ። መስጊድ ውስጥ ሳይፈቀድ አትግቡ፣ ሰውም ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሡ፣ በተለይ ገበያ ላይ ያሉትን ሴቶች። ይኼ ፍኖተ ሰላምም ቢሆን ነውር ነው።

ጥያቄ፦ ከደጀን ነው። ልጆቼ ሐረር ውስጥ ጅብ በእጅ ይበላል የሚለውን ሰምተው እንሂድ እያሉ ያስጨንቁኛል። እናቴ ደግሞ ቡዳ በር የሚባል እንዳለ ሰምታ ጨርሶ አትሂዱ ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ማታ ከግንቡ ውጭ አንድ ሰው ቅርጫት ይዞ ይቀመጣል፣ በስማቸው ይጠራቸዋል፣ አያ ጅቦ ይመጣል። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ያቀብለዋል፣ ሲለው ደግሞ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ከአፉ ያበላዋል። እኔም ሞክሬያለሁ፣ በአፌ ሳይሆን በእጄ። የሚገርምሽ ጅቡ ሳይሆን ሽታው ነው፣ ደግሞ ከጀርባሽ መጥቶ እግሩን ትከሻሽ ላይ ሲጭን ከአንድ ኩንታል ጤፍ የማይተናነስ ይመስልሻል።

ግንቡ ከሥሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። የውኃ መውረጃ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጅቡ ሌሊት የሚገባበት ነው፣ ገብቶ ቆሻሻውን ጠርጎ ይወጣል። ሰው የሚከለክል ግንብ ሠርተው ለጅብ በር ትተውለታል። በአሹራ በዓል ደግሞ ገንፎ በቅቤ ያቀርቡለታል። እኛ አገር አያ ጅቦ ተረት ላይ ሞኝ ነው፣ ማታ በረት ላይ ሲመጣ ደግሞ ጠላት ነው፣ እዚያ ግን ጎረቤት ነገር ነው።

ቡዳ በር የሚለው ስም በበሩ በኩል ይኖሩ ከነበሩ ቀጥቃጮች ጋር ተያይዞ የመጣ ነው ይባላል። እኛም ጎጃም ውስጥ ባለ እጁን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን ምን እያልን እንደኖርን ታውቂያለሽ። እናትሽን «በሩ ሰው አይበላም» በያቸው። ልጆቹን ውሰጃቸው፣ ግን ትንሹን እቀፊው፣ የካሜራውንም ብልጭታ አጥፊው።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው የምጽፈው። ሁልጊዜ ሐረር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ ትላላችሁ። ጎጃም ውስጥ የሚታይ ጥንታዊ ግንብ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ሞጣ ቁጭ ብለህ ይኼን ስትጠይቀኝ አፈርኩ፣ ያፈርኩት በኔ ነው። እንደ ሐረር በግንብ የታጠረ ከተማ ጎጃም ውስጥ የለም። መርጡለ ማርያም ግን አጠገብህ ናት። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አሁንም ቆሟል፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጌጥ በጣትህ ጫፍ ልትከተለው ትችላለህ። በ1600ዎቹ በሱስንዮስ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያኑ መጥተው እላዩ ላይ ሠርተውበታል።

እንዲያውም ከላይ ካለው ጨዋታ ጋር ይገናኛል። የእሌኒን ሥራ የዘረፈው የኢማም አሕመድ (ግራኝ የምንለው) ጦር ነው፣ ኢማሙ ደግሞ የተነሣው ከሐረር ነው። ሲሞት ሚስቱ ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመልሳ የእህቱን ልጅ ኑርን አገባች፣ ያ ኑር ነው ጀጎልን ያሠራው። ስለዚህ የፍኖተ ሰላሟ እህታችን ሐረር ደርሳ ስትመለስ ወደ መርጡለ ማርያም ብቅ ብትል የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፍ አየች ማለት ነው። ደጀን ላይ በዋናው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ከመሄድ በብቸና በደብረ ወርቅ በኩል መታጠፍ ነው። መንገዱ ይረዝምባታል፣ አቧራም አለው፣ እማማ ግን ይወዱታል፣ ደብረ ወርቅ ማርያምንም ይሳለማሉ።