ከውጭ አገር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሰሜን ሸዋ ስትገቡ

1. ወረቀት። የልጆቹን ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ቀድማችሁ ጨርሱ። በቃ።

2. ልብስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። መንዝ ደግሞ ይብሳል። ልጆቹን በቲሸርት አምጥታችሁ "ይሄን ያህል ይበርዳል እንዴ?" አትበሉን። እዚሁ አይደል እንዴ ያደጋችሁት?

3. አካባቢ ጥበቃ። የኔ ንዴት እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችሁ ስለ ዓለም ሙቀት ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ እሰየው። ታዲያ አያታቸው ኩበት ስትማግድ አፍንጫቸውን ይዘው "አየር ትበክላለች" ይላሉ። እናንተም ትስቃላችሁ፣ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ! እንጨት በጠፋበት ደጋ በምን ታብስል? ኩበቱ ማሳው ላይ ቢቀር አፈሩን እንደሚያዳብር እኮ ከናንተ በላይ እሷ ታውቃለች።

አንዱ ልጅ ውሃውን ጠጥቶ ሃይላንዱን ወረወረው። የአጎቱ ልጅ ሮጣ አነሳች። ክዳኑን ሣር ውስጥ ፈልጋ አገኘች፣ አጠበችው፣ ለትምህርት ቤት ውሃ መያዣ አደረገችው። እሱ አገር ቆሻሻ በየዓይነቱ ተለይቶ ይጣላል፤ መኪና መጥቶ ይወስድለታል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ ጠይቆ አያውቅም።

ልጅ ባደገበት ዓይን ነው የሚያየው። ለእረኛው ሣር ማለት የነገ የከብት ቀለብ ነው። ለናንተው ልጅ የቅዳሜ ሽርሽር ነው። እረኛውንም መልአክ አታድርጉት፤ ቀይ ቀበሮ ሲያይ የሚታየው የበግ ሌባ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መንዝ ጓሳ ውሰዷቸው፤ ጓሳ በሚባለው ሣር የተሸፈነ ጥብቅ ደጋ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ለማንሳት ብቻ ግን አይደለም። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ያጭዳል፤ ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ገሳ (የዝናብ መከላከያ ካባ) ይሠራል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ። መልሶ ደንብ አውጥቶ የሚያስጠብቀውም ያው ሕዝብ ነው። ይሄንን ልጆቹ ከአገሬው አፍ ይስሙት። አማርኛው ካልገባቸው አስተርጉሙላቸው፤ ማን ከለከላችሁ? የኔዎቹ ጎረምሳ ሆነው ነው የመጡት። ዋይፋይ ሲጠይቁ ዋሉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገና ሰሞን ኑ፤ ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው። ሆቴሉን ተዉትና ቢያንስ ሁለት ሌሊት አያታቸው ቤት ይደሩ። ኩበቱንም አብረዋት ይጠፍጥፉ። እጅ እንደሆነ ይታጠባል።