ያልተተኮሰ ካርትሪጅ ለምን ይቀየራል?

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ የጠየቅከውን አየሁት፤ የአውሮፕላን ሞተር እሳት ማጥፊያ ላይ ያለው ፈንጂ ካርትሪጅ (ፈንድቶ የጠርሙሱን መዝጊያ የሚከፍተው) ሳይተኮስ ለምን ይጣላል ነው ያልከው። ነገሩ እንደ ክብሪት ነው፤ ከሞከርከው አለቀ። በልዩ መለኪያ ባሩዱን የሚለኩሰው የውስጥ ሽቦ አለመበጠሱን ታያለህ እንጂ ባሩዱ ደህና መሆኑን አታውቅም። (በተራ መልቲሜትር ደግሞ እንዳትነካው፣ ሊፈነዳብህ ይችላል!)

ስለዚህ አብረው ከተመረቱት ናሙና ይወሰዳል። አውሮፕላን ላይ የቆዩትም ተመልሰው ይመጣሉ። በኤክስሬይ ይታያሉ፤ ከዚያ ግማሹ በብርድ፣ ግማሹ በሙቀት ይተኮሳል። የሚለካው የሚፈጥረው ግፊት፣ እንዲሁም ከረንት ከደረሰው ጀምሮ እስኪፈነዳ ያለው ሚሊሰከንድ ነው። ግፊቱ ከወረደ ወይም ፍንዳታው ከዘገየ ለካርትሪጁ የተፈቀደው ዕድሜ ይቀነሳል።

ካርትሪጁን የሚጎዳው ሙቀትና እርጥበት ነው። የእናንተ ብርድ ይሻለዋል፤ የአባይ በረሃ ሙቀት ግን አይስማማውም። ከተመረተበትና ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ያለውን ዕድሜ ለየብቻ ቁጠር። መቼ እንደሚቀየር ቀድሞ ገደቡ የሞላው ይወስናል።