አማርኛ መቻልሽ እንዳያዘናጋሽ፦ ወሎ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ለምትሄጂው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተወልደሽ ያደግሽው ውጭ አገር ነው፤ ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለ የብድርና ቁጠባ ተቋም ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ እንድትሠሪ ተቀብለውሻል። «አማርኛ ስለምችል ለመላመድ ብዙ የምቸገር አይመስለኝም፤ ምን ይዤ ልሂድ? ሥራውስ ምን ይመስላል?» ብለሻል። መልሴ ይረዝማል፤ ታገሺኝ። ይህንኑ ቃል እኔም ብዬው ስለነበር ነው።

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በ12 ዓመቴ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ባንክ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አማርኛዬም አይታማም ነበር። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ወሎ ስደርስ የተመደብኩት ከደሴ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ ነው። እዚያ አሥራ አንድ ወር ቆየሁ። አብረውኝ የሠለጠኑት ፈረንጆች ቋንቋውን ስለማያውቁ ያዩትን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። እኔ ምንም አልጠየቅኩም፤ የገባኝ መስሎኝ ነበር። እስከ ጥር ድረስ ከእነርሱ ያነሰ ያወቅኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ የተበዳሪዎችን ኑሮ የሚመዘግብ መጠይቅ ማስሞላት ነበር። አራተኛው ጥያቄ «ስንት በግ አለዎት?» ይላል። ከአንድ አባወራ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠየቅኳቸው። ከጀርባቸው በረቱ ክፍት ነው፤ በዓይኔ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። «አላህ ይመስገን፣ ጥቂት አሉ» አሉኝ። ስንት ናቸው ብዬ ደገምኩ። «ሁለት ሦስት አይጠፋም።» ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ በልቤ ግን ዋሹኝ ብዬ ተቀየምኳቸው።

አብሮኝ የነበረው የብድር ባለሙያ የአካባቢው ልጅ ነው። ከግቢው እስክንወጣ ጠብቆ ሳቀብኝ። በመጀመሪያ ነገር የሰው ከብት በቁጥር አይጠየቅም፤ ዓይን ይገባዋል ይባላል። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ሴፍቲኔት የሚሉት እርዳታ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ የወሎ ወረዳዎች የምግብ ዋስትና መርሐ ግብሩ ሲሠራ ጥሪት አፍርቷል የተባለ ቤተሰብ «ተመርቀሃል» ተብሎ ከድጋፉ ይወጣል። ስለዚህ ደብተር ይዛ በግ የምትቆጥር፣ የከተማ ጫማ ያደረገች ሴት ስትመጣ ሰው በሆዱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህች የእርዳታ ናት ወይስ የብድር? ያ ሳይለይ ቁጥር የሚነግርሽ የለም። ለብድር ከሆነ በጉ ይበዛል፤ ለእርዳታ ከሆነ ያንሳል። ውሸት ልትዪው ትችያለሽ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላልኩትም። የብድር ባለሙያው እንዴት እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ? «በጎቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» ይላል። ትንሿ ልጅ ብቻዋን ትጠብቃለች ከተባለ ጥቂት ናቸው። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት እየቀረ ነው ከተባለ ብዙ ናቸው።

ሥልጠና ላይ ለድሆች አነስተኛ ብድር ስለሚሰጠው ስለ ግራሚን ባንክ ብዙ ይነግሩሻል። ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባንግላዴሽ ውስጥ ጆብራ በምትባል መንደር እንዴት እንደጀመሩት፣ አምስት አምስት ሴቶች በቡድን ሆነው ተበድረው በየሳምንቱ እንዴት እንደሚከፍሉ ትማሪያለሽ። ታሪኩ ደስ ይላል። እኔም ሳምንታዊ አከፋፈል ይሞከር ብዬ ባለ ስምንት ገጽ ሐሳብ ጽፌ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ በጨዋ ደንብ «በየሳምንቱ ምን ሸጠው ይክፈሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ባንግላዴሽ ቤቱ የተጠጋጋ ነው፤ ሴትየዋ በየቀኑ የምትሸጠው ነገር አላት። የወሎ ደጋ ግን ቤቱ በየጋራው የተበተነ ነው፤ ገንዘብ የሚገባውም እህል ሲወቃ ወይም በግ ሲሸጥ ነው። ያን አካባቢ ከሌላው የሚለየው ደግሞ በልግ ነው። ከየካቲት ጀምሮ በሚጥለው ዝናብ ገብስ ይዘራል፤ የሚደርሰው ወደ ሰኔና ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከዘገየ መላው ዓመት ይዛነፋል። ስትሄጂ ከሁሉ በፊት የሰፈርሽን የዘርና የአጨዳ ወራት በወረቀት ላይ አስፍሪና ከብድሩ መክፈያ ቀናት ጋር አስተያዪው። ብዙ ነገር ይገለጥልሻል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግኩት ላይ ደረስኩ።

በግ ለማድለብ የተበደሩ ስድስት ሴቶች ያሉበት ቡድን ነበር። የመክፈያ ቀናቸው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዋለ። በዚያ ዓመት ፋሲካ መጋቢት 30 ነበር፤ ስለዚህ የበግ ገዢው መጥቶ ሄዷል፣ ዋጋ ወርዷል፤ ገብሱም ገና አረንጓዴ ነው። ከስድስቱ አንዷ ባሏ ታሞባት በጓን ቀድማ ሸጣ ለሕክምና አውላዋለች። በቀኑ ግን ክፍያው ሙሉ በሙሉ ገባ። እኔም ለዋናው ቢሮ በላክኩት ሪፖርት ላይ «መቶ በመቶ ተሰብስቧል» ብዬ ጻፍኩ፤ ምስጋናም መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ማታ ለአከራዬ ለእማማ ነገርኳቸው። ቡና እየቆሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ተሰብስቧል?» አሉ። ቡናውን ማመሳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ «እሷ ከእኛ ቡና ከቀረች ስንት ጊዜዋ ነው?» አሉኝ።

ለካ የቀሩት አምስቱ ድርሻዋን ከፍለውላት ነበር። ሁለቱ ለአረፋ ያቆዩትን በግ በረከሰ ዋጋ ሸጠው ነው። የከፈሉላት ሴት ደግሞ ዓይናቸውን ማየት አፍራ ከቡናውም፣ ከገበያ መንገዱም፣ ከውኃው ወረፋም ቀርታለች። ሰው ቡና ጠጪ ብሎ ሲጠራት አመመኝ ትላለች። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሴቶቹ አንድም ቀን በክፉ አለማንሳታቸው ነው። እኔ ቢሮ ተቀምጬ መቶ በመቶ የምለው ነገር ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር።

እማማ ያን ማታ የዕዳን ተራ አስቆጠሩኝ። መጀመሪያ ቅሬ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ እሱ ከተጓደለ ቀባሪ የለም። ቀጥሎ ጎረቤት ያበደረው እህል ነው፤ «ብድር በምድር» ነውና። ከዚያ ባለ ሱቁ። የመንግሥትም ሆነ የተቋም ገንዘብ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። የቡድኑ አባላት አንዱ ለሌላው የሚዋስበት የቡድን ዋስትና የሚሠራው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ተቋሙ ከመጨረሻው ተራ ተነሥቶ በጎረቤት ተራ ውስጥ ይቀመጣል። ገንዘቡ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ሲጎዳም የሚጎዳው እዚያው ጉርብትናው ላይ ነው።

የመክፈያ ጊዜው ይራዘምላት ብዬ ብጠይቅ ተከፍሎ ያለቀ ብድር ምኑ ይራዘማል ተባልኩ፤ እውነታቸውን ነው። መፍትሔው የመጣው ከሽማግሌዎች ነው። ሴትየዋ የቡድኑን ሁለት ሴት በጎች በእኩል እንድታረባላቸው አደረጉ፤ የሚወለደው ለሁለት ይካፈላል። ዕዳ መሆኑ ቀረና ሽርክና ሆነ። በሳምንቱ ቡና ላይ መጣች። ማንም ምንም አላለም፤ እማማ ብቻ «አብሽሪ» ብለው አቦሉን መጀመሪያ ለእሷ ሰጧት። አብሽሪ የምትለዋን ቃል እኔ «አይዞሽ» ብዬ አልፌያት ነበር። ወሎ ውስጥ ያላትን ክብደት ለመረዳት ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ስለ ወለድ አንድ ነገር ልጨምር። አካባቢው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ወለድ ብዙ ሰው አጥብቆ የሚሸሸው ነገር ነው። ከወለድ ነፃ በሆነው አሠራር ተቋሙ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጣል። አንድ አባት ወረቀቱን ሳስረዳቸው «ልጄ፣ ይህ ትርፍ ነው ወይስ ወለድ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የባንክ ሠራተኛዋ ስሌቱን አየሁና «ያው አንድ ነው» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። በኋላም አልተመለሱም። ለእርሳቸው አንዱ ንግድ ነው፤ ሌላው ኃጢአት ነው። ይህንን ሳታጠኚ ከማንም ፊት እንዳትቀመጪ።

የኮምፒውተር ሥራ ይሰጡሻል፤ ውጭ የኖረ ሰው ኮምፒውተር ያውቃል ተብሎ ይታመናል። ከእኔ ስሕተት ተማሪ። የብድሮቹን መክፈያ ቀን በሰንጠረዥ አስገብቼ ያለፈባቸውን በራሱ እንዲለይ አዘጋጀሁት። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። ጥቅምት 30ን «30/02/2010» ብለሽ ስትጽፊለት የፈረንጁ ሁለተኛ ወር፣ ፌብሩዋሪ፣ 30ኛ ቀን የለውምና እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል። ጥቅምት 29ም እንዲሁ ነው፤ ጳጉሜንማ ጭራሽ ወሩንም አያውቀውም። የእነዚያ ቀናት ተበዳሪዎች ሁሉ ከዝርዝሩ ጠፉ። ያገኘችው ገንዘብ ያዧ ናት፤ በእጅ የምትጽፈው መዝገብ ነበራት። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያየ ዓምድ አስገቢ፤ መዝገቡንም አትናቂው።

ኑሮውን በተመለከተ መብራትና ኔትወርክ ይጠፋል፤ ይህንን ታውቂዋለሽ። ደጋው ይበርዳል፤ ጉጉፍቱ የሚባለውን ከፍታ ስታልፊ ቀትር ላይም ጆሮሽ ይቆርጥሻል። የእጅ ባትሪ፣ ጥሩ ጫማና ከጉልበት የሚወርድ ቀሚስ በቂ ነው። ቁንጫ ይኖራል፤ አታጋንኚው። ከቢሮ ከሚያዘጋጁልሽ ቤት ይልቅ ግቢ ውስጥ ከቤተሰብ ጋር መከራየት ይሻላል። የኔ ኑሮ የተቃናው በዚያ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት እማማ «ቅሬሽ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የጉዞ መድን አለኝ አልኳቸው። መድኑ ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር አስረዳሁ፤ በሄሊኮፕተር ሳይቀር ይወስደኛል አልኩ። በትዕግሥት ሰምተው «እሺ፣ ድንኳኑን ማን ይተክላል?» አሉ። በማግሥቱ ወስደው አስመዘገቡኝ። መዋጮው ትንሽ ነው። ለቅሶ ሲሆን ግን ሥራ ትተሽ ትሄጃለሽ፤ ውኃ ትቀጂያለሽ፣ እንጀራ ታቀርቢያለሽ። ከዚያ በፊት «የብድሯ ልጅ» ነበርኩ፤ ከሁለተኛው ለቅሶ በኋላ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ለቅሶ ቤት ስለ ዕዳ አይነሳም፤ ተበዳሪሽን እዚያ ብታገኚው ሰላም ብለሽ እለፊ።

ጊዜ ስታገኚ አንድ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ውረጂ። የደጋውና የቆላው ሰው፣ ከአፋር የሚመጣው ግመልና ፍየል አንድ ቦታ ሲገናኙ ማየት ከማንኛውም የሥልጠና ጽሑፍ ይበልጣል። እኔ የሄድኩት መውጫዬ ላይ ሆኖ ቆጭቶኛል።

እኔ የነበርኩበት ጊዜ ሰላም ነበር። ከዚያ ወዲህ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ደርሶ ብዙ ነገር አውድሟል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭት አለ። ስለዚህ የሚልክሽን ድርጅት ቃል ብቻ አትመኚ። የምትመደቢበትን ከተማ ስም ጠይቀሽ እዚያ ያለ ሰው ፈልጊና መንገዱ በዚህ ሳምንት እንዴት እንደሆነ ጠይቂ። አጥጋቢ መልስ ካላገኘሽ ጉዞውን ማቆየት ነውር የለበትም። ለመግቢያው ደግሞ ወላጆችሽ ወይም አያቶችሽ ኢትዮጵያዊ ከነበሩ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርድ የሚሉትን አውጪ። ከያዝሽው የመግቢያ ቪዛም የሥራ ፈቃድም አያስፈልግሽም።

ለመላመድ ስንት ጊዜ ወሰደብሽ ላልሽው፣ እስከ ሚያዝያ፤ ስምንት ወር መሆኑ ነው። አንቺ ከመጀመሪያው ቀን እንደ ፈረንጆቹ ብትጠይቂ ከዚያ በፊት ይደርስልሻል። ጋቢ ገዝተሽ አትሂጂ፤ እዚያ የሚያለብስሽ አታጪም። ቡናው ደግሞ እኔ በነበርኩበት ቤት በጨው ነው የሚጠጣው። እኔ የመጀመሪያውን ስኒ ስኳር መስሎኝ አንዴ ጎንጨት ብዬ እማማ ፊት ያደረግኩትን እስከ ዛሬ በስልክ ሳይቀር ያነሱብኛል።