መልስ፦ ወንድሜ ከታሰረ ሳምንት ሞላው፣ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አይዞሽ። ወንድምሽ ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ደብረ ብርሃን ተይዞ እስካሁን ፍርድ ቤት አልቀረበም ብለሻል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ይቅረብ ይላል፤ የማይቆጠረው የመንገዱ ጊዜ ብቻ ነው። አንቀጽ 21 ደግሞ በቤተሰብና በጠበቃ የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። ጠበቃ ይዘሽ አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት አስገቢ። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) እና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤም (ኢሰመጉ) አመልክቺ። የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አሁኑኑ ጻፊ፤ በኋላ ይምታታብሻል።

እኔም አባቴ ታስሮ እዚያው ከተማ እስር ቤቱ በር ላይ ቆሜአለሁ። በዚያ ብርድ ጋቢ ይዤ ሄጄ «እዚህ የለም» ተባልኩ። በማግስቱ ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስልኝ ነው በሕይወት መኖሩን ያወቅኩት። ስንቁን በፍጹም እንዳታቋርጪ። ቢመልሱሽም ነገ ሂጂ።