በጉልበት የተሟላ ምልዓተ ጉባኤ

የሕግና የአስተዳደር ትምህርት ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ረቂቅ ሕግ በማዘጋጀት ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ጥሩ ምክር ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ወጣት ባልደረቦቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። አብዛኞቻችሁ መልሱን በታላላቅ ሰዎች ንግግር ውስጥ ትፈልጉታላችሁ። እኔ የምመክራችሁ ግን ደንቡን ከቃለ ጉባኤው ጋር እያስተያያችሁ እንድታነቡ ነው፤ ለዚህም ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ የሆነችውን የፔንስልቬንያን የመጀመሪያ የግዛት ምክር ቤት ያህል የሚያስተምር አላገኘሁም።

ፔንስልቬንያ እ.ኤ.አ. በ1776 የተቀበለችው ሕገ መንግሥት የሕግ አውጪነትን ሥልጣን ለአንድ ምክር ቤት ብቻ የሰጠ ሲሆን፣ ያወጣውን ሕግ የሚያግድ ሁለተኛ ምክር ቤትም ሆነ አገረ ገዥ አልነበረም። በዚያ ፈንታ ልጓሙ በአሠራሩ ውስጥ ተበጀ። አባላት በየዓመቱ ይመረጣሉ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ከአራት ዓመት በላይ አያገለግሉም፤ የአዳራሹ በር ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሁለት አባላት ከጠየቁም ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በስም ተመዝግቦ ይታተማል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው አንቀጽ 15ን ነው። ይህ አንቀጽ ሕዝብን የሚመለከት ረቂቅ ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከመነበቡ በፊት ታትሞ ለሕዝብ እንዲቀርብ፣ ድንገተኛ አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠመም እስከ ቀጣዩ የስብሰባ ዘመን ድረስ እንዳይጸድቅ ያዛል።

ደንቡ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት የወጣውን ሕግ ተመልከቱ። ረቂቁ በ1779 በጋዜጣ ታተመ፤ ሕዝብም ተከራከረበት። ምክር ቤቱ በመጋቢት 1 ቀን 1780 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በ34 ድምፅ ድጋፍና በ21 ተቃውሞ ሲያጸድቀው ግን ረቂቁ እንደነበረ አልቀረም። መጀመሪያ የታሰበው በባርነት ካለች እናት የሚወለዱ ሴቶች በ18፣ ወንዶች በ21 ዓመታቸው ነፃ እንዲወጡ ነበር፤ በጸደቀው ሕግ ዕድሜው ለሁሉም 28 ሆነ። ለክርክር የሚሰጥ ጊዜ ለጌቶችም የሚሰጥ ጊዜ ነው፤ የተጨመሩትን ዓመታት በጉልበታቸው የከፈሉት ደግሞ በክርክሩ ድምፅ ያልነበራቸው ልጆች ናቸው። አንቀጽ 15ን ስወደው ይህን ዘንግቼ አይደለም። ደግሞም «አስቸኳይ ሁኔታ» የምትለዋን ቃል ምክር ቤቱ ሲያመቸው ይገለገልባት ነበር፤ እናንተም ሕግ ስታረቁ ከዋናው ድንጋጌ ይልቅ በልዩ ሁኔታው ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ።

ስለ አባላቱ አንድ ሰው ልጥቀስ። ዊልያም ፊንድሊ በአየርላንድ የተወለደ፣ የሽመና ሙያ የነበረው፣ የምዕራቡን ገጠር የሚወክል ሰው ነበር። ምክር ቤቱ በ1785 የሰረዘው የሰሜን አሜሪካ ባንክ ቻርተር (የመቋቋሚያ ፈቃዱ) በ1786 እንደገና ለክርክር ሲቀርብ፣ ለባንኩ ከተሟገቱት አንዱ ሀብታሙ ነጋዴ ሮበርት ሞሪስ ነበር። ፊንድሊ ባለጥቅሞች ለጥቅማቸው እንዳይሟገቱ አልጠየቀም፤ መሟገት መብታቸው መሆኑን ተቀብሎ፣ ገለልተኛ ዳኛ መስለው መቅረባቸውን ግን ነቀፈ። ይህን ያህል የጠራ አቋም በዘመናችን ምክር ቤቶች እምብዛም አይሰማም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመስከረም 28 ቀን 1787 የምክር ቤቱ አባል ጆርጅ ክላይመር አዲሱን የአሜሪካ ፌዴራል ሕገ መንግሥት የሚመረምር ጉባኤ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። የምክር ቤቱ ዘመን ሊያበቃ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። አባላቱ 69 ሲሆኑ፣ ምልዓተ ጉባኤው፣ ማለትም ምክር ቤቱ ለመወሰን መገኘት ያለባቸው አባላት ቁጥር፣ ሁለት ሦስተኛው ወይም 46 ነው። ከሰዓት በኋላ ፊንድሊን ጨምሮ የሐሳቡ ተቃዋሚዎች ሳይመለሱ ቀሩና የተገኙት 44 ብቻ ሆኑ፤ ሥርዓት አስከባሪው ተልኮ ቢጠራቸውም እምቢ አሉ። በማግስቱ የተቆጡ የፊላደልፊያ ከተማ ሰዎች ከቀሩት አባላት ሁለቱን፣ ጄምስ ማካልሞንትንና ጄኮብ ማይሊን፣ ከማደሪያቸው እየጎተቱ አምጥተው አዳራሹ ውስጥ አስገቧቸው። ማካልሞንት በማያውቃቸው ሰዎች በኃይል መወሰዱን ለአፈ ጉባኤው አመልክቶ እንዲለቁት ጠየቀ። (በእኛ አገር ቢሆን «በሕግ አምላክ!» ባለ ነበር።) የቀሪነቱን ቅጣት ከፍዬ ልሂድ ቢልም አልተፈቀደለትም፤ ወደ በሩ ሲያመራም ታዳሚው መንገዱን ዘጋበት። ምክር ቤቱ 46 ሞልቷል ብሎ ጉባኤውን ለመጥራት ወሰነ። ያ ጉባኤም በታኅሣሥ 12 ቀን ሕገ መንግሥቱን በ46 ለ23 ድምፅ አጸደቀ።

ጥለው የወጡት፣ ጥቂቶች ብቻቸውን እንዳይወስኑ የተደነገገውን ደንብ ብዙኃኑ እንዳይወስኑ ተጠቀሙበት፤ ይህን አልወድላቸውም። ብዙኃኑ ደግሞ በእኔ አስተያየት ትክክለኛ ዓላማ ይዘው ሳለ፣ ተይዞ በመጣ ሰው ቁጥር ሞላን አሉ፤ ይህኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ምልዓተ ጉባኤ በፈቃዳቸው የተሰበሰቡ ተወካዮችን እንጂ በወንበር ላይ የተቀመጡ አካላትን ለመቁጠር የተበጀ አይደለም። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ መልእክተኛ ተልኮባቸው እምቢ ያሉ አባላት ስለ ፈቃድ ሊናገሩ አይችሉም ይላሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም።

የዚያን ቀን ክርክር ቶማስ ሎይድ የተባለ ሰው በአጭር ጽሕፈት መዝግቦ አሳትሞታል። ስታነቡት ማካልሞንት እንዲለቁት በጠየቀበት ቦታ ላይ አቁሙና፣ እናንተ አባል ብትሆኑ የምትሰጡትን ድምፅ ከነምክንያቱ ጻፉ። ከዚያ የሁለቱን ወገኖች ስም አለዋውጡና፣ የምትደግፉትን ሐሳብ በተሸናፊው አፍ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት። ሁለቱን ወረቀቶች ለመምህራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት እርስ በርሳችሁ ተለዋውጣችሁ አንብቡ።