መልስ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሰሜን ተራሮች በሞተር ሳይክል

ወንድሜ፣ ለገጠር ተማሪዎች የመጻሕፍት መግዣ ለማሰባሰብ ከአዲስ አበባ በጎጃም በኩል እስከ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሞተር ሳይክል ለመጓዝ አስበው፣ ከመንገዱ በጣም የሚያሰጋው የትኛው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ የደጀን ሰው ነኝና ያለማመንታት የዓባይ በረሃ ነው እላለሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርዱ በፍሬን ብቻ ከተማመኑ የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዝ ይሳነዋል፤ ስለዚህ ገና ከላይ ማርሹን ዝቅ አድርገው ሞተሩ ራሱ እንዲይዝዎ ያድርጉ፤ የጭነት መኪና ከፊትዎ ካለም ለመቅደም አይቸኩሉ። ከደጀን በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርገው እስከ ባሕር ዳር መንገዱ ራሱ እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ቁልቁለት የለበትም።

ፓርኩ ውስጥ ያለው ጨነቅ የተባለው ቦታ ከ3600 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነ፣ ሞተርዎ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቅ ዕቃ) ከሆነ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ፈትተው ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ካገኙት ምክንያቱ ይኸው ነው። በሞተር ሳይክል ለመግባት ደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ያነጋግሩ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ የቤንዚንና የማደሪያ ወጪዎን ከራስዎ ኪስ ይሸፍኑ፤ ለልጆቹ የተሰጠውን ገንዘብ ደግሞ በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጠው መጻሕፍቱ ሲገዙ ደረሰኙን ለሰጪዎቹ ያሳዩ።