ጎንበስ ቀና ስንል ደረታችንን የሚወጋን ምንድነው? ጥያቄና መልስ

ፊዚዮው፦ ጤና ይስጥልን። ባለፈው ስለ ወገብ ሕመም ስንጨዋወት "ደረትስ?" ያላችሁ ብዙ ነበራችሁ። ዛሬ ጎንበስ ቀና ስንል፣ ዞር ስንል፣ ዕቃ ስናነሳ ስለሚሰማን የደረት ሕመም ጠይቁኝ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ውሎዬ ከጎድን አጥንት፣ ከጀርባና ከጡንቻ ጋር ነው። የልብ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒትም አላዝም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ደረትን ጭምቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያስልብ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ማንበብ ትቶ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው እንዳትሰለቹ።

ስትጠይቁ ዕድሜያችሁን፣ የሚያማችሁን ቦታ፣ መቼ እንደጀመራችሁና ምን እንደሚያባብሰው ጻፉ።

የአዳማዋ፦ 34 ዓመቴ ነው። እንጀራ ለመጋገር ምጣዱ ላይ ጎንበስ ስል ከደረቴ መሐል ትንሽ ወደ ግራ ይወጋኛል። ቀና ስል ይተወኛል። በጣቴ ስነካውም ያመኛል። ሰሞኑን ውኃ ጠፍቶ ጀሪካን ስሸከም ነበር የከረምኩት። ልቤ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ፊዚዮው፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። እህቴ፣ የነገርሽኝ ሁሉ ወደ ደረት ግድግዳ ነው የሚያመለክተው።

ጎድናችን 12 ጥንድ ነው። የላይኞቹ ሰባት ጥንዶች ከፊት ካለው የደረት አጥንት ጋር በቀጥታ የሚያያዙት በልም አጥንት፣ ማለትም እንደ ጆሯችን በሚለመጥ ለስላሳ አጥንት ነው። ስንተነፍስ ጎድናችን እንደ ባልዲ እጀታ ከፍ ዝቅ ይላል። በቀን ወደ 20 ሺህ ጊዜ እንተነፍሳለን፤ ስለዚህ ያ መገጣጠሚያ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። ጀሪካን ስትሸከሚ፣ ሊጥ ስታቦኪ፣ ለቀናት ስታስይ ይቆጣል። ኮስቶኮንድራይተስ የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ጎድን ያለውን ይይዛል፤ እብጠት ግን የለውም። ቦታው ካበጠ ቲትዘ የሚባለው ሊሆን ይችላል። አሌክሳንደር ቲትዘ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1921 የገለጸው ነው፤ በብዛት የሚታየው 2ኛው ወይም 3ኛው ጎድን ላይ ነው።

በአንድ ጣትሽ የደረት አጥንትሽን ዳር ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልሽ ተጫኚ። አንድ ቦታ ላይ "ይኸው፣ እሱ ነው!" የሚያሰኝሽ ያው ሕመም ከመጣ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ግን ልብ በሉ፦ ሲነኩት ማመሙ ብቻውን ልብን ነፃ አያወጣም። የልብ ሕመም ኖሮበት ደረቱም ሲነካ የሚያመው ሰው አለ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ታይተሽ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳይ ምርመራ) ብትነሺ እንቅልፍሽም ይመለሳል።

እስከዚያው ጀሪካኑን በሁለት ትንንሽ ከፍለሽ በሁለት እጅሽ ያዢ። ምጣዱን እስከ ወገብሽ ከፍ አድርጊው፤ ይህ ከቅባትም ከኪኒንም በላይ ይረዳሻል። ለብ ያለ ጨርቅ 15 ደቂቃ ያህል ቦታው ላይ አድርጊ። ሕመሙ ሲበርድ በር መሐል ቆመሽ ሁለት ክንድሽን መቃኑ ላይ አስደግፊና ደረትሽን ቀስ ብለሽ ወደ ፊት ግፊው፤ ካመመሽ አቁሚ። በሳምንታት ይለቃል፤ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል።

ግራ የገባት፦ ደረቴን ያመኛል። ምን ይሆን?

ፊዚዮው፦ ዕድሜ? የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ስታደርጊ? ከላይ ያለውን አንብበሽ ተመለሺ።

ዲያቆኑ፦ በሕማማት ሰግጄ ስነሳ ደረቴን ቀስፎ ይይዘኛል። በተለይ ዓርብ ስቅለት ዕለት። 29 ዓመቴ ነው። ሌላ ጊዜ ምንም የለብኝም። ልተወው?

ፊዚዮው፦ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ እንዲህ ያላቸው ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ያልለመደ ደረት በአንድ ቀን መቶ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ሲሰገድበት የደረት ጡንቻውና ልም አጥንቱ ይቆጣል። ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ሳይሆን ሲነሳ ነው። ብዙዎቻችን መሬቱን በእጃችን ገፍተን ነው የምንነሳው። ያ ሁሉ ክብደት ደረት ላይ ያርፋል። እጅህን ከትከሻህ ትንሽ ሰፋ አድርግ፤ አንዱን እግርህን አስቀድመህ በእግርህ ኃይል ተነስ። ስትወርድ ትንፋሽህን አስወጣ እንጂ አትያዝ። ከሆሳዕና በፊት በዐቢይ ጾም ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየሰገድክ ሰውነትህን አለማምደው። መተው አለመተው የእኔ ሥልጣን አይደለም። ሕመም ያለበት ሰው ግን ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ መላ አላት።

የሸዋ ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ሐተታ ምን ያደርጋል? ብርድ ነው! እናቴ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጥታ፣ በቅቤ አሽታ፣ ብርድ ልብስ ደርባ ታስተኛናለች። በማግስቱ ድነን እንነሳለን።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። "ብርድ ነው" ብለው ቤት ሰንብተው የሳንባ ምች ሆኖ የሚመጡ አሉ። ልብ ሆኖ የሚመጡም አሉ።

የሸዋ ልጅ፦ አባቶቻችን ሐኪም ቤት ሳይኖር አልኖሩም?

ባለ ጂሙ፦ የሞቱትም "ብርድ መታው" ተብለው ነው የተቀበሩት። በምን እንደሞቱ ማን አየ?

የሸዋ ልጅ፦ እናንተ የአገር የሆነ ነገር ሁሉ አይጥማችሁም።

ፊዚዮው፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የእናትህ እጅ ይረዳል። ሙቀትና ለስላሳ እሽታ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፤ እኔም ክሊኒክ ውስጥ የማደርገው ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም። የምቃወመው "ብርድ" የሚለውን ስም ነው። ስሙ ከተሰጠ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አይፈልግም። የሳንባ ሽፋን ሲቆጣም ውጋት ነው፤ ጎድን ሲሰነጠቅም ውጋት ነው፤ ደም ረግቶ ሳንባ ሲዘጋም ውጋት ነው። በአንድ ቅቤ ሁሉም አይታሽም።

ይህን ካነሳን አይቀር፣ ስለ ወጌሻ ልናገር። ወጌሻ አልንቅም። ግን ደረትን በአውራ ጣት፣ በክርን፣ አንዳንዴም በጉልበት መጫን ይቁም! ጎድን ቀጭን አጥንት ነው። በዕድሜ የገፉ እናቶች አጥንታቸው ስለሚሳሳ ለመሰንጠቅ ብዙ ኃይል አያስፈልገውም። የተሰበረ ጎድን ጫፉ ሳንባን ሊወጋ ይችላል። ሕመሙ ቀላል ሆኖ ታሽተው፣ ታሽተው ሲመለሱ መተንፈስ ያቃታቸው ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ፣ እናቶቻችሁን ለደረት ውጋት እንዲህ አታሳሹ።

ሹፌሩ፦ 52 ዓመቴ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ስኳር አለብኝ። ጎማ ልፈታ ጎንበስ ብዬ ስታገል መሐል ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል። አረፍ ስል ይለቀኛል። ደረጃ ስወጣም ጀምሮኛል። ጨጓራ ነው ተብዬ ኦሜፕራዞል እየወሰድኩ ነው።

ፊዚዮው፦ ጋሼ፣ ይህ ከሌሎቹ የተለየ ነው። እርስዎን የሚያምዎ መጎንበሱ ሳይሆን ትግሉ ነው። ደረጃ ሲወጡ አልጎነበሱም፤ ግን አመመዎት። በሥራ የሚመጣ፣ በዕረፍት የሚለቅ፣ የሚጨምቅ ሕመም ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የልብ ነው። ስኳር ደግሞ የልብ ደም ሥሮችን ይጎዳል፤ የሕመም ስሜትንም ያደበዝዛል። ዛሬ ሐኪም ቤት ይሂዱ። መኪናውን ራስዎ አይንዱ።

ሹፌሩ፦ ነገ ጅቡቲ የምወስደው ጭነት አለኝ። ስመለስ ብሄድስ?

ፊዚዮው፦ አይሆንም። በዚያ መንገድ ላይ ቢይዝዎ ማን ይደርስልዎታል? አሁን ይሂዱ።

እናት ከጅዳ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ወለል ስወለውል፣ ምንጣፍ ሳነሳ ደረቴ መሐል ያቃጥለኛል፤ አፌ ይኮመጥጣል። ማታ ስተኛ ይብሳል። የምበላው ከእኩለ ሌሊት በፊት አይደርስልኝም። ለወገቤ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ።

ፊዚዮው፦ ቃር ይመስላል። ይህ የእኔ መስክ አይደለም። ነርሷ ካለች ትመልስልሽ።

ነርሷ፦ አለሁ። እህቴ፣ ስትጎነበሺ ሆድ ይጨመቅና አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ከወገብሽ ሳይሆን ከጉልበትሽ በርከክ በይ፤ የሚቻል ከሆነ ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ ይሰጥሽ። ከበላሽ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳትተኚ ቆዪ። የማታ ራትሽን ቀለል አድርጊውና ዋናውን ቀን ብዪ። የአልጋሽን ራስጌ ከፍ አድርጊ፤ በግራ ጎንሽ ተኚ። ዲክሎፌናክ ጨጓራ ይልጣል፤ ስለ እሱ ሐኪም አነጋግሪ። ሰገራሽ ከጠቆረ፣ ምግብ መዋጥ ከከበደሽ ወይም ከከሳሽ አትቆዪ።

ባለ ጂሙ፦ ቡናስ?

ነርሷ፦ ካባሰብህ ቀንስ።

ተማሪ፦ 19 ዓመቴ ነው። ጎበጥ ብዬ ሳጠና ድንገት በግራ በኩል እንደ መርፌ ይወጋኛል። አየር መሳብ ያቅተኛል። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል።

ፊዚዮው፦ በልጆችና በወጣቶች የተለመደ ነው። ቀና በል፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ፤ ያልፋል። ስትሮጥ የሚመጣ ከሆነ ወይም ራስህን ከሳትክ ግን ሌላ ነው፤ ሐኪም ይይህ።

ሰናይት ከቨርጂኒያ፦ የእኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የወንድሜን ነው የምጠይቀው፤ አገር ቤት ነው ያለው፣ 27 ዓመቱ። በጀርባው ሲተኛና በረጅሙ ሲተነፍስ ይወጋዋል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ይሻለዋል። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ያልበዋል።

ፊዚዮው፦ ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም። ልብ በስስ ከረጢት የተሸፈነ ነው። ከረጢቱ ሲቆጣ ሕመሙ ልክ እንዳልሽው ነው፦ ሲተኙ ይብሳል፣ ወደ ፊት ሲያዘነብሉ ይሻላል። በእኛ አገር ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ ቲቢ ነው። ትኩሳትና የማታ ላብ ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ይጨምራል። ከረጢቱ ውስጥ ውኃ ከሞላ ልብን ያፍናል። ዛሬውኑ ይሂድ፤ የልብ አልትራሳውንድ የሚሠራ ቦታ ቢሆን ይመረጣል። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው፤ በገንዘብ እንዳይዘገይ። አንቺም ዛሬ ሳይሄድ እንዳትተዪው፤ ደጋግመሽ ደውዪ።

ሰናይት ከቨርጂኒያ፦ አሁን ደውዬለት እየወጣ ነው። ሌላም አለኝ፤ እናቴ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ስትል ትንፋሽ ያጥራታል።

ፊዚዮው፦ ሕመም ሳይሆን ትንፋሽ ማጠር ከሆነ፣ ጎንበስ ባለች በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሚጀምራት ከሆነ፣ ልብ ሲደክም የሚታይ ምልክት ሊሆን ይችላል። እግሯ ያብጣል? ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው? ከሆነ ለሐኪሟ ይነገር።

ሰው ነኝ፦ እኔም ስጎነበስ ደረቴን ይወጋኛል። ልብ ነው?

ፊዚዮው፦ ወንድሜ፣ ለአዳማዋ እህታችንና ለጋሼ የመለስኩትን አንብብ። ሁለቱም ጎንበስ ሲሉ ነው ያመማቸው፤ አንዷን ምጣድ ከፍ አድርጊ አልኳት፣ አንዱን ድንገተኛ ክፍል ሰደድኩ። የአንተን በአንድ መስመር እንዴት ልወቀው?

የአልማዝ ታናሽ፦ አጎቴ በአንድ ጎኑ ከጀርባው እስከ ደረቱ ቆዳው ይቃጠላል፤ ልብስ ሲነካው ይጮኻል። ዛሬ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ወጡበት።

ነርሷ፦ አልማዝ ባለጭራ ነው የሚመስለው። ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ቢጀምር ይመረጣል። ምንም ነገር ሳትቀቡ ዛሬ ውሰዱት።

ሹፌሩ፦ ልጄ ይዞኝ መጣ። ኢሲጂ ተነሳሁ፤ ደህና ነው አሉኝ። ደምም ወስደዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድጋሚ እንወስዳለን ስላሉ ወደ ቤት ልመለስ ወይ እያልኩ ነው።

ፊዚዮው፦ እንዳይወጡ! አንድ ደህና ኢሲጂ ልብን ነፃ አያወጣም። ደሙን የሚወስዱት ትሮፖኒን ለመለካት ነው፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ነው። ወዲያው ስለማይጨምር ነው የሚደገመው። ሁለተኛው ደህና ቢሆን እንኳ ደረጃ ሲወጡ እንደሚያምዎት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልግዎታል። ጭነቱን ሌላ ሰው ይውሰደው።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ እቆያለሁ።

የአዳማዋ፦ ምጣዱን ከፍ አድርጌዋለሁ። ጡት መያዣዬም ጠባብ ነው፤ ያ ያመጣው ይሆን?

ፊዚዮው፦ ያባብሰዋል። ሰፋ ያለ ልበሺ። ኢሲጂውንም አትርሺ።